ብልሽቱ ቦታ ይቀይራል

፩

በራ።

ቢጫ ነው። ከመሪው ጀርባ፣ ከፍጥነት መቁጠሪያው ሥር ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። የሚያውቁት የሞተር ሥዕል ነው ይላሉ፤ የሺመቤት ግን ጆሮ ያለው ድስት መሰላት። ቁልፉን አጠፋች፣ መልሳ አዞረች። ድስቱ እዚያው ነው። መኪናዋም እንደ ወትሮዋ አልተረጋጋችም፤ ብርድ እንደገባው ሰው ትንቀጠቀጣለች።

አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ ባሏን ጠራችው። አስናቀ ግቢው ውስጥ፣ ከመኪናዋ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጠዋት ፀሐይ ይሞቃል።

«አስናቀ፣ ይቺ ቢጫ ነገር ምንድን ናት?»

አስናቀ ቀና አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ግንባሩ ተኮማተረ። የሚናገረው ነገር እንዳለው ሁለመናው ይመሰክራል።

«ማክሰኞ» አላት።

፪

ማክሰኞ

ቀኑ ማክሰኞ አልነበረም። ስትሮክ የመታውም ማክሰኞ አይደለም፤ ቅዳሜ ነው፣ ኅዳር ውስጥ፣ ፊቱን እየታጠበ ሳለ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ በከዘራ ይሄዳል። እጁ አልተመለሰም። ንግግሩ ደግሞ እንዳለ ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ አንዲት ቃል ብቻ ተርፋ ወጣች። ለምን እሷ እንደሆነች ማንም አያውቅም።

ውሃ ሲጠማው፦ ማክሰኞ።

ሲበርደው፦ ማክሰኞ።

ሚስቱን ሲጠራ፦

ማክሰኞ።

«ቃላቱ አልጠፉም» ብሎ ነበር ሐኪሙ። «ውስጥ አሉ። መንገዱ ነው የተቆረጠው።» የሚገርመው ግን፣ በልማድ ከአፍ የሚወርድ ነገር አልተነካም። አቡነ ዘበሰማያትን ከጀመሩለት እስከ መጨረሻው ይዘልቀዋል። አንድ ካሉት ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጥራል። «ውሃ» ማለት ግን አይችልም።

፫

ይህ ታሪክ የተገጣጠመው ከቁርጥራጭ ነው። ስለዚህ ከመቀጠላችን በፊት ሰዎቹን እናስቀምጥ፤ ብዙ አይደሉም።

አስናቀ ደብረ ብርሃን ውስጥ የታወቀ የመንገድ ቀያሽ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ይቺ ነጭ፣ ትንሽ፣ ያረጀች መኪና ናት። ጋራዥ አልወሰዳትም። ዘይት የሚቀይረው፣ ፍሬን የሚያስረው፣ ካንዴላ የሚጠርገው ራሱ ነው፤ አልፎ አልፎም የሚያበላሸው ራሱ ነው።

የሺመቤት የግብርና ቢሮ ጸሐፊ ነበረች። መንጃ ፈቃድ አላት፤ ያወጣችው አስናቀ ወትውቷት ነው። ካወጣች በኋላ ግን እሱ ራሱ መሪ ሊያስይዛት አልወደደም። እሷ ስትነዳ ጎኗ ተቀምጦ የሌለ ፍሬን በእግሩ ይረግጣል፤ «ማርሽ! ማርሽ!» ይላል። እሷም ሰልችቷት ተወችው። ስለ ኮፈኖው ሥር የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አስናቀ እዚያ ውስጥ እንደሚውል።

ልጃቸው ቤዛ ጅማ ናት፤ ከወለደች ገና ነው።

ጎረቤታቸው ወንድወሰን አለ፤ የራሱ ሚኒባስ ያለው።

በቃ።

፬

ሐሙስ

አዲስ አበባ ውስጥ ንግግር የጠፋባቸውን ሰዎች የምታለማምድ አንዲት ባለሙያ አለች። ወረፋዋ ረጅም ነው። የሺመቤት በስልክ ስትጨቀጭቅ፣ ሰው ስታስለምን ከርማ በመጨረሻ ሐሙስ ጠዋት ተቀጠረላት። «ከዚያ በኋላ ለትምህርት ወደ ውጭ ትሄዳለች፤ የሚተካት ሰው አልተገኘም» አሏት። ሐኪሙ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ወራት ካለፉ ነገሩ እየከበደ እንደሚሄድ ነግሯታል።

በሕዝብ መኪና መሄድ አይሆንም። አንዴ ሞክረውታል። ሸኖ ሳይደርሱ አስናቀ «ማክሰኞ» አለ። ውሃ ሰጠችው። «ማክሰኞ።» መስኮት አስከፈተችለት። «ማክሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ማክሰኞ!» ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ለክፋት ሳይሆን ለጨዋታ፣ «አባባ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው» አለው። ተሳፋሪው ሳቀ።

ከዚያ የአስናቀ ሱሪ ረጠበ።

ያን ቀን ቤት ሲገቡ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የሺመቤትም ሌላ ሰው ያለበት መኪና ውስጥ ዳግመኛ ላታስገባው ለራሷ ማለች። ሐሙስ የምትነዳው ራሷ ናት። ቀጠሮውን የነገረችው ምሳ ላይ ነበር፤ ጉርሻውን አላምጦ ሳይውጥ ትክ ብሎ አያት። ደስ ያለው መሰላት።

በማግሥቱ ጠዋት ነው እንግዲህ፣ ያ ድስት የበራው።

፭

ጋራዥ

እየተንገጫገጨች ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደቻት። አስናቀን ብቻውን ትታ መሄድ ስለማትችል ጎኗ አስቀምጣዋለች። መካኒኩ ወደ እሱ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነችብዎት?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ ጀመራት? እሺ። ጭስ አላት?»

«ማክሰኞ።»

መካኒኩ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ አስናቀ የማይሰማ መስሎት። «ጭስ! ጭስ አላት ወይ ነው የምልዎት!» ሌሎቹም ሥራቸውን አቁመው መጡ። የሺመቤት ከመሪው በኩል «እኔን ጠይቀኝ» እያለች ነው፤ የሚያያት የለም። አስናቀ በግራ እጁ ዳሽቦርዱን መታው፣ ደገመው። ዓይኑ ውስጥ እንባ ሞላ።

«ጥላችሁልን ሂዱ፤ ወረፋ ስላለ በሚቀጥለው ሳምንት እናያታለን» አሉ።

የሺመቤት መኪናዋን አስነስታ ወጣች። ቢጫው መብራት እንደበራ፣ ባሏ ጎኗ እንደተንሰቀሰቀ፣ እሷ የትኛው ማርሽ ላይ እንዳለች ሳታውቅ ቤታቸው ደረሱ።

፮

የሞተር መብራት ሲበራብሽ

(ከስልኳ ካገኘቻቸው ቪዲዮዎች የቃረመችው ነው። ጓንት ያደረጉ፣ ፈጣን፣ ደስተኛ ወጣቶች ናቸው የሚናገሩት።)

አትደንግጪ።

ደነገጠች።

የነዳጅ ታንከሩን ክዳን አጥብቂ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አጠበቀችው። ምክንያቱ ይኸው አልነበረም።

ዘይቱን ለኪ።

የዘይት መለኪያውን ፈልጋ ስታገኝ ግማሽ ጠዋት አለፈ። መዘዘችው። በአሮጌ ፎጣ ጠረገችው፣ መልሳ ከተተችው፣ መዘዘችው። ዘይቱ ልክ ይሁን አይሁን ለመጠየቅ ለአስናቀ አሳየችው። አስናቀ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከፍ አድርጋ አሳየችው። ነቀነቀ። ገልብጣ አሳየችው፤ ነቀነቀ።

የባትሪውን ገመድ ፈትተሽ ጥቂት ቆይተሽ መልሺው።

ፈታች። ስትመልሰው መብራቱ ጠፍቷል። «እሰይ!» ብላ እጇን አጨበጨበች። ሰፈሩን ሳትዞር ተመልሶ በራ። የአስናቀ ሬዲዮ ጣቢያዎች ግን እንደጠፉ ቀሩ። የትኛው የት እንደነበር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ካልሆነ ባለሙያ አማክሪ።

ባለሙያው ፀሐይ ላይ ተቀምጧል።

፯

ወንድወሰን አመሻሹ ላይ ብቅ ብሎ የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር ሰጣት።

«እትዬ የሺ፣ ይቺን ከመሪው ሥር ይሰኳታል። ከዚያ በስልክዎ ታነብልዎታለች። እኔ ሚኒባሷን የምመረምረው በሷ ነው።»

«እኔ ምኑን አውቄው?»

«ማንበብ እንጂ ማወቅ አይጠይቅም። እምቢ ካለችም አይጨነቁ፤ ሐሙስ እኔ አደርሳችኋለሁ። ሰው አልጭንም፤ ለሁለታችሁ ብቻ።»

የሺመቤት ዕድሜ ልኳን ሌሎች የጻፉትን ስትተይብ የኖረች ሴት ናት፤ ማንበብ አያቅታትም። ሰካችው። ስልኳ ላይ አንድ ክብ ነገር ዞረ፣ ዞረና አንድ መልስ ወጣ። ፒ ዜሮ ሦስት መቶ ሦስት። ትርጉሙን ፈለገች፤ ሦስተኛዋ ሲሊንደር አትተኩስም፣ ነዳጇን አታቃጥልም ማለት ነው። መኪናዋ በአራት እግር ፈንታ በሦስት እየሄደች ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር መልስ ስለሰጣት ስልኳን ልትስመው ምንም አልቀራት።

፰

አንድ፣ ሁለት

ጠዋት ኮፈኖውን ከፍታ ዘንግ አቆመችለት። አራቱ ቦቢናዎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ ለካንዴላው እሳት የሚያቀብሉት እነሱ እንደሆኑ ከቪዲዮው ተምራለች። ምክሩ ቀላል ነው፤ የሦስተኛዋን ቦቢና ከሁለተኛዋ ጋር አቀያይሪ። ብልሽቱ ተከትሏት ወደ ሁለተኛዋ ከሄደ ጥፋቱ የቦቢናዋ ነው።

ግን ሦስተኛዋ የትኛዋ ናት? ከየት በኩል ነው የሚቆጠረው?

«አስናቀ፣ ሦስተኛዋ ይቺ ናት ወይስ ያቺ?»

«ማክሰኞ።»

ሊያስረዳ የሚታገል ፊቱን ስታይ አንጀቷን በላት። ከዚያ አንድ ነገር መጣላት። እጁን ይዛ አስነሳችውና ወደ ሞተሩ አስጠጋችው።

«አንድ» አለች ጮክ ብላ።

አስናቀ የግራ እጁን ጣት ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ባለበት በኩል፣ መጀመሪያዋ ቦቢና ላይ አሳረፈ። ጣቱ አላመነታም። «ሁለት» አለ፤ ጣቱ ተሻገረ። «ሦስት» አለ፤ ጣቱ ተሻገረ።

ሦስት!

ጥርት ያለ ቃል። የገዛ ድምፁ። «እሷ ናት! እሷ ናት፣ በቃ፣ ቁም!»

«አራት» አለ አስናቀ። ጣቱ ወደ አራተኛዋ አለፈ። «አምስት።» ጣቱ ሞተር የሌለበት ቦታ ላይ ደረሰ። «ስድስት። ሰባት።» ሊያቆም ይፈልጋል፤ ያስታውቃል፤ ዓይኑ ፈጥጦ እርጂኝ ይላታል፤ አፉ ግን ይቆጥራል። ጣቱን በሁለት እጇ ጨምቃ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። አራት ሲሊንደር ባላት መኪና ላይ አስናቀ አሥራ አንድ ሲደርስ ነው ያቆመው።

ሁለቱም ላብ አጥምቋቸው ነበር።

፱

ፈታች። ቀየረች። ገጠመች።

ሦስት ቃል ነው ለመጻፍ። ለእሷ ግን ሙሉ ቀን ነው። ብሎኑን በየትኛው ቁልፍ እንደሚፈታ ለማወቅ የአስናቀን ሣጥን ሁሉ ሞከረች። ጥፍሯ ተሰበረ። ከቦቢናዎቹ የአንዷን ሶኬት ስትነቅል ቀጭኗን የላስቲክ መያዣ ቀነጠሰቻት። አስናቀ በግራ እጁ ይጠቁማል፤ እንዲህ፣ እንዲህ አይደለም፣ ቀስ። ስትሳሳት «ማክሰኞ!» ይላል፤ ስትስተካከልም «ማክሰኞ» ይላል፤ ቀስ በቀስ በድምፁ መለየት ጀመረች። የመጀመሪያው ተይ ነው። ሁለተኛው ጎሽ።

አስነሳቻት።

ዝም አለች፤ ማለትም እንደ ጤነኛ ሞተር አጉረመረመች። መብራቱን በስልኳ አጠፋችው። ጠፋ። ከከተማው መውጫ ድረስ ነድታ ተመለሰች፤ አልበራም። በሩ ጋ ስትደርስ ያለ ምክንያት ጥሩምባ ነፋች።

አስናቀ በግማሽ አፉ ሣቀ። ከኅዳር ወዲህ ሲሥቅ ያየችው ያን ቀን ነው። ማታ እጁን ስታጥበው አውራ ጣቱ ላይ የተጋገረው ጥቁር ግራሶ አልለቅ አላት። «ዛሬ ሠራተኛ ሆነህ ዋልክ» ብላ ቀለደችበት።

፲

በማግሥቱ ጠዋት

በራ።

፲፩

የስልክ ንግግር

ቤዛ፦ እማዬ፣ አባዬ እንዴት አደረ?

የሺመቤት፦ ደህና ነው። መኪናዋ ናት ያላደረችው።

ቤዛ፦ ሠራኋት አላልሽኝም እንዴ?

የሺመቤት፦ ሠርቻት ነበር። ዛሬ ደግሞ የመጀመሪያዋ ሲሊንደር ናት ይላል። ትናንት ሦስተኛዋ ነበረች። ያቀያየርኩት ሁለተኛዋን ከሦስተኛዋ ጋር ነው። የመጀመሪያዋን አልነካኋትም። ገባሽ?

ቤዛ፦ አልገባኝም።

የሺመቤት፦ እኔም።

ቤዛ፦ እማ፣ ለምን ሌላ ቀጠሮ አታስይዢም?

የሺመቤት፦ ሌላ የለም አልኩሽ እኮ።

(ሕፃን ያለቅሳል።)

ቤዛ፦ አባዬን አገናኚኝ እስቲ።

አስናቀ፦ ማክሰኞ።

ቤዛ፦ እኔም ናፍቀኸኛል፣ አባዬ።

፲፪

ይህን የሚጽፈው ሰው እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ይፈልጋል። በቪዲዮዎቹ ውስጥ ብልሽት አንድ ቦታ ይቀመጣል። ትፈልገዋለህ፣ ታገኘዋለህ፣ ታወጣዋለህ፣ ጓንትህን ታወልቃለህ። የየሺመቤት ብልሽት ግን ይራመዳል። የመጀመሪያዋን ስትፈታና ስትገጥም ይጠፋል፤ ስታድር ሌላዋ ላይ ይታያል። ፒ ዜሮ ሦስት መቶ አንድ። እሱን ስታስተካክል፣ በማግሥቱ ፒ ዜሮ ሦስት መቶ አራት። የነካችው ሁሉ ይድናል። ያልነካችው ይታመማል።

በዚህ መሀል አንድ ልማድ መጣ። ጠዋት መብራቱን ታያለች፤ ትራገማለች፤ ኮፈኖውን ትከፍታለች፤ አስናቀን ታስነሳዋለች። «አንድ» ትላለች። እሱ ይቆጥራል። ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው፣ ራስ ለራስ እየተጋጩ ይውላሉ። አንዴ ትከሻዋ ላይ እጁን አሳርፎ፣ ሳትጠይቀው፣ የቀነጠሰቻትን መያዣ በቀጭን ሽቦ እንዴት እንደምታስር በምልክት አሳያት። አሰረችው። ያዘ።

ከዚያም በማግሥቱ ጠዋት፦

በራ።

፲፫

ረቡዕ ጠዋት ወንድወሰን በአጥሩ በኩል ጠራት። ጥቁር ለብሷል።

«እትዬ የሺ፣ አፌን ሞልቼ አደርሳችኋለሁ ብዬ ነበር። አጎቴ አረፉ። መሐል ሜዳ ከተማ ለቀብር እየወጣሁ ነው።»

«እግዜር ያጽናህ። ሂድ፣ ሂድ። እኛ እንዴትም እንሆናለን።»

«መኪናዋስ?»

ነገረችው። ሦስት፣ አንድ፣ አራት፤ አራተኛዋን ገና ትናንት ነው ያስተካከለቻት። ወንድወሰን ከንፈሩን መጠጠ። «እንዲህ የሚዘዋወር ከሆነ የሽቦ መስመሩ ነው፣ ወይ ደግሞ ኮምፒውተሯ። እሱ ደግሞ በግቢ ውስጥ የሚሠራ አይደለም። እንዲህ እያለች በረጅም መንገድ አይውጡ፤ ከመንገድ ብታስቀራችሁ ጋሽ አስናቀን ይዘው ምን ይሆናሉ?»

እሱ ሄደ። እሷ ወደ ቤት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የተማረችው ሁሉ፣ ቦቢና፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ሶኬት፣ አንድም ቦታ አላደረሳትም። ጋራዡ ወረፋ ነው። ሚኒባሱ የለም። በሕዝብ መኪና አይሆንም። እጇን አየችው፤ የስንጥቁ ውስጥ ሁሉ ጠቁሯል። ቀጠሮውን ለመሰረዝ ስልኳን አነሳች።

ስልኩ ከእጇ ሳይወርድ በመስኮቱ ወደ ግቢው አየች።

፲፬

አስናቀ ከወንበሩ ተነስቷል።

ከዘራውን መኪናዋ ላይ አስደግፎ፣ የሹፌሩን በር ከፍቶ፣ በግራ እጁ ከመሪው ሥር አንድ ነገር ሳበ። ኮፈኖው ቋ አለ። በእግሩ እየጎተተ ወደ ፊት ዞረ። ኮፈኖውን በአንድ እጁ አነሳው፤ ዘንጉን ለማቆም ሌላ እጅ ስለሌለው ራሱን ከሥሩ ከተተና በአናቱ ተሸከመው። እንደዚያ ሆኖ፣ የብረት ክዳን ራሱ ላይ ተጭኖ፣ ግራ እጁን ወደ ሞተሩ ሰደደ። አውራ ጣቱ የሁለተኛዋን ቦቢና ሶኬት መያዣ ተጫነ። ትንሽ ወደ ኋላ ሳበው። ሙሉ በሙሉ አልነቀለውም፤ ለሚያይ የተሰካ የሚመስል፣ ግን ውስጡ የማይገናኝ። ልክ የሆነ፣ የለመደ እጅ ሥራ ነው።

ኮፈኖውን አወረደው። ከዘራውን አነሳ። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ፊቱን ለፀሐይ ሰጠ።

የሺመቤት ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

፲፭

«አንተ ነህ?»

ራሱን ነቀነቀ።

«ሁልጊዜም አንተ ነበርክ? መጀመሪያ የበራ ዕለትም?»

ነቀነቀ።

«ሳምንቱን ሙሉ? ጥፍሬን እስክሰብር? እዚህ ተደፍቼ ሳለቅስ አጠገቤ ቆመህ እያየኸኝ?» ጮኸችበት። ከኅዳር ወዲህ ጮኻበት አታውቅም። «ለምን?»

«ማክሰኞ» አለ አስናቀ፤ ቀስ ብሎ፣ በልመና።

«ለምን አስናቀ? ለምን?»

«ማክሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ማክ…» ቃሉን ራሱ ተጠየፈው። በጡጫው ጉልበቱን መታ።

የሺመቤት እግሩ ሥር ቁጢጥ አለች። ንዴቷ ከመጣበት ፍጥነት በላይ ጥሏት ሄደ። «እሺ። እሺ በቃ። እኔ እጠይቅሃለሁ፣ አንተ ራስህን ነቅንቅ። አዲስ አበባ መሄድ አትፈልግም?»

ነቀነቀ።

ተነፈሰች። ቢያንስ ይኼ ታወቀ። ለማረጋገጥ ያህል ብቻ ደገመች። «መሄድ ትፈልጋለህ?»

ነቀነቀ። በዚያው ዓይን፣ በዚያው ልክ።

«እጄን ያዝ። መሄድ ካልፈለግህ ጨምቀው።»

ጨመቀው።

«መሄድ ከፈለግህ ጨምቀው።»

ጨመቀው።

የዘይት መለኪያውን ገልብጣ ያሳየችው ቀን ትዝ አላት። ያን ቀን ሥቃ ነበር።

፲፮

ምክንያቱ

ምሳ ስታበስል አንዱን አንስታ ሌላውን ስትጥል ዋለች።

የእሷን አነዳድ ፈርቶ ይሆናል። የሌለ ፍሬን ሲረግጥ የኖረ ሰው ነው።

ያን የሕዝብ መኪና፣ ያን ሳቅ አስታውሶ ይሆናል። የማያውቃት ሴት ፊት ተቀምጦ «ውሃ በል» ሲባል፣ ማለት ሲያቅተው።

ባለሙያዋ «አይመለስም» ብትለውስ? ዛሬ ገና አልተባለም። መንገድ ካልወጡ የሚባልበት ቀን አይመጣም።

ደክሞት ይሆናል። ሰው ዝም ማለት ቢያምረውስ?

ወይም

እዚህ ላይ የሺመቤት ማማሰያውን ይዛ ቆመች። ወይም፣ ጠዋት ጠዋት «አንድ» ብላ ስትጀምርለት «ሁለት» ማለቱ። እጁን ይዛ ማስነሳቷ። «ሦስተኛዋ የትኛዋ ናት?» ብላ የጠየቀችው፣ እሱም የመለሰላት። ከኅዳር ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ አስናቀን አንድ ነገር የጠየቀው ሰው ማን ነበር? ምን ልስጥህ፣ ምን ሆንክ፣ የት ያምሃል። ይኼ ጥያቄ አይደለም።

ጸሐፊው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። የሺመቤትም አታውቅም። የሚያውቀው ሰው ጓዳው በር ላይ ቆሞ ወጡን እያሸተተ ነው፤ መንገዱ ግን ተቆርጧል።

፲፯

ሐሙስ

ሁለተኛዋን ሶኬት ጠቅ እስኪል ድረስ ገፋችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ማንም እርዳታ፣ ሳትቆጥር አገኘቻት። አስነሳች። ሞተሩ ፀጥ ያለ ነው። መብራቱን አጠፋችው፤ አልተመለሰም።

አስናቀን አጠበችው፣ ሙሉ ልብሱን አለበሰችው፣ ኮቱን ደረበችለት። እምቢ አላለም። ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር ፈለገች፤ ያየችው ያው አስናቀን ነው።

በጉልበት ልትወስደው ትችላለች። የጎኑን በር ከፍታ ብታስገባው ይገባል፤ እንደ ልጅ ነው የሚታዘዛት። ልትቀርም ትችላለች። ሁለቱንም ሌሊቱን በልቧ አድርጋቸዋለች፤ ሁለቱም አስጠሏት። አንድ ነገር ግን ገብቷታል። ራሱን ሲነቀንቅ ይዋሻል፤ አንደበቱ ይዋሻል። እጁ ግን ሳምንቱን ሙሉ የፈለገውን ሲያደርግ ነበር።

ሞተሩን አጠፋች። ቁልፉን ነቅላ በግራ መዳፉ ውስጥ አስቀመጠችና ጣቶቹን አጠፈችለት።

«ስማኝ፣ አስናቀ። አልጠይቅህም። እኔ መሪው ጋ እቀመጣለሁ። የምንሄድ ከሆነ ቁልፉን ስጠኝ። የማንሄድ ከሆነ ኪስህ ክተተው፣ እኔም ወርጄ ቁርስ እሠራለሁ። አልቆጣም። ለማንም አልናገርም።»

ገብታ ተቀመጠች። መስኮቱን አወረደች። ወደ ፊት፣ ወደ ግቢው በር አየች፤ እሱን እንዳታየው። አሁን ካልወጡ አይደርሱም።

ከዘራውን በሩ ላይ ሲያስደግፍ ሰማችው። ጫማው ጠጠሩ ላይ ተጎተተ። ትንፋሹ ቀረበ። ከዓይኗ ጥግ የኮቱ እጅጌ ታያት፤ ከእጅጌው ጫፍ የተጨበጠ እጅ፤ በጣቶቹ መሀል የቁልፉ ጫፍ ብልጭ ይላል። እጁ መስኮቱ ጋ ደረሰ። እዚያው፣ ኪሱና መስኮቱ መሀል፣ አየር ላይ ቆመ።

የሺመቤት ፊቷን ሳታዞር መዳፏን ከሥሩ ዘረጋች።